ታቦቱን ወደ ጌት መላክ

አሽዶድ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አዛጦን ትባላለች። ፍልስጥኤማውያን ታቦተ ጽዮንን ማርከው በመጀመሪያ ያስገቡት ወደዚህች ከተማ ነበር። በዳጎን ቤት አኖሩት፤ በማግስቱ ጣዖቱ በታቦቱ ፊት ተደፍቶ ተገኘ። ይህን ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ቀጥሎ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከተማይቱን የእባጭ በሽታ መታት። አለቆቹ ተሰብስበው መከሩና ያገኙት መላ ታቦቱን ወደ ጌት መላክ ሆነ። ጌትም ያው በሽታ ደረሰባት፤ እሷም በተራዋ ወደ አቃሮን ሰደደችው። የአቃሮን ሰዎች ደግሞ ታቦቱ ገና ሲደርስ ሊያስፈጁን ነው ብለው ጮኹ። ሰባት ወር በዚህ ካለፈ በኋላ ጠንቋዮቻቸው አንድ ነገር አሰቡ። ቀንበር ያልነካቸው ሁለት የሚያጠቡ ላሞች በአዲስ ሠረገላ ይጠመዱ፣ ጥጆቻቸው ቤት ይዘጋባቸው፣ ታቦቱ ይጫንና ይለቀቁ። ላሞቹ በልጆቻቸው ጨክነው የቤትሳሚስን መንገድ ከያዙ በሽታው ከእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ካልያዙ ግን እንዲያው የመጣ ነገር ነው። ላሞቹ እምቧ እያሉ ሄዱ፤ የዚያ ዘመን ጥያቄም በዚያው ተመለሰ። በዛሬዋ አሽዶድ ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ተማሪ ልጅ አስሎ ባደረ ቁጥር፣ ጥያቄው እንደ አዲስ ይነሳል። ይህ ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከሰው? ከሰው ከሆነስ ከየትኛው ሰው? የእኔ አቋም የክረምት ሕመምና የክረምት አደጋ በሰው እጅ ከተተዉት ነገሮች ወገን ነው የሚል ነው። ያ እጅ ደግሞ የእናት እጅ ብቻ አይደለም።

ጥያቄው ለእኛ ከሌላው ይልቅ የሚጠነክርበት አንድ ምክንያት አለ፤ እሱም ክረምት የሚለው ቃል ራሱ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ወደ እስራኤል ሲመጣ ቃሉን ይዞት መጣ፣ ቃሉም በደንብ ገጠመ፤ እዚህም ክረምት የዝናብ ወቅት ነው፣ በጋውም ደረቅ ነው። ያልገጠመው ከቃሉ ጋር የመጣው ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ልጁ ሐምሌንና ነሐሴን ቤት ነው፤ ከብት ይጠብቃል፣ ምድጃ ዳር ተቀምጦ በቆሎ ይጠብሳል፣ ደብተር የሚይዘው መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ነው። አያቶቻችን ስለ ክረምትና ስለ ልጅ የሚያውቁት ሁሉ፣ ጋቢው፣ ዝንጅብሉ፣ ጤና አዳሙ፣ ነፋስ እንዳይመታው የሚዘጋው በር፣ ቤት ስለዋለ ልጅ የተከማቸ ዕውቀት ነው። በአሽዶድ ግን ዝናቡ የሚወርደው በትምህርቱ እኩሌታ ላይ ነው። ልጁ ታኅሣሥንና ጥርን ሠላሳ ልጆች በሚተነፍሱበት ክፍል ያሳልፋል፤ መስኮቱ በላብ ደመና ለብሶ፣ የረጠበ ጫማው ከወንበሩ ሥር ውሃ አንጠፍጥፎ። የሜዲትራኒያን ዳርቻ ብርድ በረዶ አይጥልም፤ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን የኮንክሪቱ ግድግዳና የሴራሚኩ ወለል ብርዱን ይዘውት ያድራሉ። ቤቶቹ የተሠሩት ለሐሩር ነው። ስለዚህ የወረስነው ጥበብ ስሕተት ባይሆንም ስለዚህ ልጅ አያውቅም፤ ትምህርት ያለበት ክረምት አያቶቻችን አልገጠማቸውም።

የእግዚአብሔርና የሰው ድርሻ የት ላይ እንደሚለይ የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ ሲወያዩ አንድ የሚያስገርም ነገር ተናግረዋል። ኬቱቦት በሚባለው ክፍል፣ ሰው ላይ የሚደርሰው ሁሉ በሰማይ እጅ ነው ካሉ በኋላ፣ ብርድንና ሐሩርን ግን ከዚያ ያወጧቸዋል። ማስረጃቸውም ነፍሱን የሚጠብቅ ሰው ከእነዚህ ይርቃል ከሚል የመጽሐፈ ምሳሌ ሐሳብ የተወሰደ ነው። ለምን ጦርነትን ወይም ድርቅን አላወጡም? እኔ እንደሚገባኝ ብርድ ቀን ጠብቆ የሚመጣ ስለሆነ ነው። ዝናቡ በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ይመጣል፣ መከላከያውም በእያንዳንዱ ቤት ሳጥን ውስጥ አለ። ቀኑ ታውቆ የመጣን ነገር ዱብ ዕዳ ማለት አይቻልም። መዝሙረ ዳዊት ውርጩን የሚልከው ራሱ እግዚአብሔር ነው፣ በብርዱም ፊት የሚቆም የለም ይላል ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ብርዱ የሱ ነው፤ ካፖርቱ ግን የእኛ ነው፤ ሊቃውንቱ የለዩትም ይህንን ይመስለኛል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ስለ ሊቀ ካህናቱ ጸሎት የተነገረው ነው። ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዮም ኪፑር፣ ከቅድስተ ቅዱሳን ሲወጣ አጭር ጸሎት ያደርስ ነበር። ከልመናዎቹ አንዱ በዝናብ ጉዳይ የመንገደኞች ጸሎት በፊትህ አይግባ የሚል መንፈስ ያለው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገበሬው ዝናብ ይጣልልኝ ሲል መንገደኛው ያባራልኝ ይላል፣ አገር የሚኖረው ደግሞ በገበሬው ጸሎት ነው። እስቲ ይህን ወደ ልጁ እናምጣው። ጠዋት ቦርሳውን አዝሎ ጎርፍ የሞላውን መንገድ የሚሻገር የሰባት ዓመት ልጅ መንገደኛ ነው። ዝናቡ ይቁምልኝ የሚለው ጸሎቱ እንዳይሰማ በአገሪቱ ሁሉ ስም አስቀድሞ ተለምኖበታል። ሁላችን ከዝናቡ እንጠቀማለን፤ ቲማቲሙን እንበላለን፣ ውሃውን እንጠጣለን፤ የሚረጥበው እሱ ነው። ሰማይ እንዳይሰማው የተለመነበትን ልጅ የሚሰማው ማነው? መልሱ ጣሪያ ያለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው፣ ውሃ የማያቁር የእግር መንገድ ነው፣ ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ሳይሞላ (በእኛ ቆጠራ 11 ሰዓት ሳይል) በሚጨልምበት ወር ከትምህርት በኋላ ከሚቆይበት ቦታ ሲመለስ በመሻገሪያው ላይ የሚበራ መብራት ነው። እነዚህን ደግሞ እናት ከገበያ አትገዛቸውም።

አንድ የዕድሜ ባለጸጋ፣ በቄሶች እጅ ያደገ የቤተ እስራኤል ሰው፣ ታልሙድ የእኛ አይደለም ቢል አልፈርድበትም። አባቶቻችን የነበራቸው በግእዝ የተጻፈ ኦሪት ነው፤ በሰንበት እሳት ሳያነዱ፣ የቀዘቀዘ ምግብ እየበሉ ነው ሕጉን ያቆዩት። ዮሴፍ ካሮ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው የሕግ መጽሐፍ፣ በቀዝቃዛ አገር አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው በሰንበት ለሕፃናት እሳት ቢያነድ ይፈቀዳል፣ ብርዱ ሲጸና ደግሞ ለአዋቂም ይፈቀዳል፣ በብርድ ፊት ሁሉ እንደ ሕመምተኛ ነውና የሚል ፍርድ እንዳለ ያ ሽማግሌ ላይሰማ ይችላል። (ፈቃዱ ከሕፃናት መጀመሩን ልብ ይሏል።) ግን ወደዚያ መሄድ ሳያስፈልገን ኦሪቱ ራሱ ይበቃል። ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። የወደቀው ሰው ቀኑ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ በዚያ አይከራከርም። የሚጠይቀው ባለቤቱን መከታው የት አለ ብሎ ነው።

ይህ ሁሉ እምነት ማነስ አይደለም ወይ? የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ የሚሰነዝሩትም ሰዎች ተራ ሰዎች አይደሉም። በረሃ አቋርጠው ሱዳን የደረሱ፣ በመንገድ ልጅ የቀበሩ፣ ተስፋቸውን በእግዚአብሔር ላይ ብቻ አድርገው እዚህ የገቡ ናቸው። የእነሱን እምነት በአንድ ክትባት የሚመዝን ሰው ራሱን ይመዝን። ነገር ግን ከአሽዶድ ወደብ ብዙም ሳይርቅ የመብራት ማማው የቆመበት ጉብታ የዮናስ ኮረብታ ይባላል፤ በቆየ ትውፊት ከነቢዩ ዮናስ ጋር የተያያዘ ቦታ ነው። በዮናስ ታሪክ ማዕበሉ ሲነሳ መርከበኞቹ ሁለት ነገር አደረጉ። እያንዳንዱ ወደ አምላኩ ጮኸ፣ መርከቢቱም እንድትቀል ጭነቱን ወደ ባሕር ጣሉ። መጽሐፉ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ጭነት በመጣላቸው ጸሎታቸው ጎደለ አይልም። በዚያ ማዕበል እጁን አጣጥፎ የተኛው ነቢዩ ብቻ ነበር፤ ካንቀላፋበት ቀስቅሶ የገሠጸውም አረማዊ የመርከብ አለቃ ነው።

ከመጽሐፍ ውጭም ማስረጃው እቤታችን ቆሟል። በዚህች ከተማ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ሲሰማ ወደ ማማድ፣ ማለትም ወደ ቤቱ መጠለያ ክፍል፣ ለመግባት ያለው ጊዜ 45 ሴኮንድ ነው። ልጆቹ ይህን ከጋን (ከመዋዕለ ሕፃናት) ጀምሮ ያውቁታል። ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ አዲስ ቤት ያለ መጠለያ ክፍል እንዳይሠራ ሕግ ወጣ። ልጇን ከአልጋ አንስታ ወደ ማማድ የምትሮጥን እናት እምነተ ቢስ ብሎ የሚወቅስ አንድ ቄስ፣ አንድ ረቢ አልተሰማም። ሮኬት ሲመጣ በሰው እጅ መከላከል ተገቢ ከሆነ ቫይረስ ሲመጣ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ልዩነቱ ሮኬት ድምፅ ስላለው ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ጆሮ እንጂ ሃይማኖት አይደለም። በሚያዝያ 2018 በናሐል ጻፊት ደራሽ ጎርፍ 10 ወጣቶች ሞቱ፤ የአየር ጠባዩ ማስጠንቀቂያ ቀደም ብሎ ተነግሮ ነበር። አገሪቱ ጎርፉን ያመጣው ማነው ብላ አልጠየቀችም፤ ያንን ሁሉም ያውቀዋል። የጠየቀችው ልጆቹን ወደዚያ የወሰዳቸው ማነው ብላ ነው፤ ኃላፊዎቹም ፍርድ ቤት ቀረቡ።

ብርድ መታው ስንል በአንድ በኩል እንሳሳታለን፣ በሌላ በኩል ልክ ነን። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ቫይረስ ነው እንጂ ነፋስ አይደለም። ነገር ግን በቀዘቀዘና በደረቀ አየር የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ረዘም ብሎ ይቆያል፣ ሰውም ብርድ ሽሽት መስኮት ዘግቶ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይተነፍሳል። እንግዲህ ከነፋስ የሚያመልጥ መስሎት የታሸገ ክፍል የገባው ልጅ ወደ በሽታው ነው የገባው። በ1904 በርሊን አጠገብ ሻርሎተንበርግ ላይ፣ በ1908 ደግሞ በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ፣ የሳንባ ነቀርሳ ለሚያሰጋቸው ልጆች አየር የሚነፍስባቸው ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ የፕሮቪደንሶቹ በከባዱ ቅዝቃዜ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው፣ እግራቸው ሥር የጋለ ድንጋይ ተደርጎላቸው ይማሩ ነበር። አሽዶድ ላይ ይህን ያህል አያስፈልግም፤ በየክፍለ ጊዜው መካከል አምስት ደቂቃ መስኮት መክፈትና ካፖርቱን ሳያወልቁ መቆየት በቂ ነው። ማዝጋኑ፣ ማለትም የአየር ማስተካከያው፣ ክፍሉን ቢያሞቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚያዞረው ያንኑ የተተነፈሰ አየር ነው። ለቤት ደግሞ ከዚህ የሚብስ አለ። በዝናብ ቀን በተዘጋ ሳሎን ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት ሽታም ቀለምም በሌለው ጋዝ ልጅን በእንቅልፉ ሊወስድ ይችላል። ቡናውን በረንዳ ላይ እናፍላው፤ ዕጣኑም እዚያው ይጪስ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ የረጠበ ካልሲ ማስጣትም ያው ነው፤ ቤት የሚያቃጥለው እንደዚያ ያለ ነገር ነው።

እኛ በጎንደር ተራሮች ባዶ እግራችንን አድገን ምን ሆንን? የሚል አለ። ይህ ክርክር ደስ ይላል፣ ኩራትም አለበት፤ ችግሩ የሚናገረው የተረፈው ብቻ መሆኑ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1990 ድረስ በኢትዮጵያ ከሚወለዱ አምስት ልጆች አንዱ ገደማ አምስት ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር፤ ከገዳዮቹ ዋናው ደግሞ የሳንባ ምች ነው። ምን ሆንን ለሚለው መልሱ ይህ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ግን በቁጥር የሚመለስ አይደለም። የጤና ሰዎችን ለምን እንመን? በጥር 1996 ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ለዓመታት በስውር ሲጣል መኖሩ ታወቀና በሺህ የሚቆጠር ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጣ። በ2013 የጤና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች የሚወስዱት የእርግዝና መከላከያ መርፌ ውጤቱን መረዳታቸው አጠራጣሪ ከሆነ እንዳይታደስ ለኩፓት ሆሊሞች (ለጤና መድን ድርጅቶቹ) መመሪያ ሰጠ፤ መመሪያው የወጣው ሴቶቹ ለዓመታት ከተናገሩ በኋላ ነው። እነዚህን የሚያውቅ ወላጅ ከትምህርት ቤት የመጣለትን የክትባት ፈቃድ ወረቀት ሁለት ጊዜ ቢያነበው መብቱ ነው፤ በአማርኛ እንዲተረጎምለት ቢጠይቅም መብቱ ነው። ግን ወረቀቱን ጨርሶ ሳያነብ የጣለው ሰው የሚቀጣው ሚኒስቴሩን አይደለም። የተከዳ እምነት የሚታከመው ጥያቄ በመጠየቅ ነው፣ ልጁን መከላከያ በመንሳት አይደለም። የኢንፍሉዌንዛው ክትባት ለሁሉም ልጅ አንድ ነው፤ በዚያው ክፍል ለዶክተሩ ልጅ የሚሰጠው ለእኛም ልጅ የሚሰጠው ነው። በሌላ በኩል ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በዝግታ በመሆኑ በእኛ ዘንድ እጥረቱ እንደሚበዛ በአገሪቱ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህን የደም ምርመራ ደግሞ እኛው ጠይቀን ልናስደርግ ይገባል። አንዳንዴ አደራ ማለት ሐኪሙ እስኪጠራን አለመጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ታቦቱ ልመለስ። በክረምት ጠዋት በብዙ ቤት የሚደረግ ነገር አለ። ልጁ ሲነሳ ትኩስ ነው፣ መለኪያው 38.4 ይላል። የትኩሳት ማስታገሻው አካሞል ይሰጠዋል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፊቱ ይለሰልሳል፣ ቦርሳው ይታዘላል። አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ መድኃኒቱ ሲያልቅ ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ስልክ ይደወላል። እስከዚያ ድረስ ግን ከጎኑ ከተቀመጠችው ልጅ ጋር ሳንድዊች ተካፍሏል። ይህ የፍልስጥኤም አለቆች አዛጦን ላይ ያደረጉት ነው፤ ታቦቱን ወደ ጌት መላክ። የጌት ልጅ ደግሞ ነገ ለአቃሮን ትሰጠዋለች፣ አቃሮንም የሰማንያ ዓመት አያት ያለችበት ቤት ሊሆን ይችላል። ኢንፍሉዌንዛ ምልክት ከማሳየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ይጋባል፣ ስለዚህ ልጅ ማስቀረት ፋይዳ የለውም የሚል ሰው እውነት አለው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ትኩሳቱ በበረታበት ቀን የሚረጨው ቫይረስ ብዙ ነው፤ ያንን ቀን ቤት መዋል ሁሉን ባያቆምም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ እናትን መውቀስ ቀላል ነው፤ ስብከትም ብዙ ጊዜ እዚሁ ይቆማል። እኔ መቆሙን አልቀበልም። በእስራኤል የ1993 ሕግ መሠረት ወላጅ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጁ ሲታመም በዓመት 8 ቀን፣ ብቻውን የሚያሳድግ ከሆነ 16 ቀን፣ ከራሱ የሕመም ፈቃድ መውሰድ ይችላል። ክፍያው ግን የተሻለ ስምምነት ለሌለው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ቀን ምንም፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ግማሽ፣ ሙሉው ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ነው። የልጅ የክረምት ትኩሳት ብዙውን ጊዜ በሦስት ቀን ይበርዳል። ስለዚህ ሕጉ ሙሉ ክፍያ የሚጀምረው ልጁ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ነው። ቢሮ የምታጸዳ፣ በቀን ሒሳብ የምትኖር እናት አካሞሉን የምትሰጠው ልጇን ስለማትወድ አይደለም። የፍልስጥኤማውያን ጠንቋዮች ጥጆቹን አዘግተው ላሞቹን አስኪደው ነበር፤ ይህች እናትም ጥጃዋ ተዘግቶባት ነው የምትጎትተው።

ኦሪት ለዚህም ሕግ አለው። በሜዳ ላይ ተገድሎ ገዳዩ ያልታወቀ ሰው ሲገኝ ርቀቱ ይለካል፤ የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሎች ወጥተው በጊደር ላይ እጃቸውን ይታጠቡና ይህን ደም እጃችን አላፈሰሰውም ይላሉ። ሚሽና ይገረማል፤ ሽማግሎች ነፍሰ ገዳይ ናቸው ብሎ ማን ጠረጠረ? ከዚያ ይፈታዋል፤ ሲናገሩ ያለ ስንቅ አላሰናበትነውም፣ ያለ ሸኚም አልተውነውም ማለታቸው ነው። ስንቅና ሸኚ የከተማ ግዴታ ነው። የቤተ እስራኤል በዓል ስግድም በማርሔሽቫን 29 ቀን፣ ዝናቡ በሚጀምርበት ሰሞን ሲከበር፣ ሕዝቡ ኃጢአቱን የሚናዘዘው በአንድ ሰው ስም አይደለም፤ በድለናል ይላል እንጂ በድላለች አይልም።

የአሽዶድ ወደብ በ1965 ከተከፈተ ጀምሮ የሠራተኞቹ ቫአድ በአገሪቱ ጉልበት ካላቸው ማኅበራት አንዱ ሆኗል፤ መርከብ ያቆማል፣ ሚኒስትር ያስጠራል። በዚያው አጥር ውስጥ ወለል የሚጠርጉትና መጸዳጃ የሚያጸዱት ግን በኮንትራክተር በኩል ሲቀጠሩ ከእሱ ስምምነት ውጭ ይቀራሉ። ለቫአዱም፣ ለከተማው ምክር ቤትም፣ በሁለቱም ውስጥ ወንበር ላላቸው ወገኖቻችንም የማቀርበው ልመና አንድ ነው፤ ዝናቡ ሳይጀምር በሚፈረመው ስምምነት ላይ ለልጅ ሕመም የመጀመሪያው ቀን ይከፈል ተብሎ ይጻፍ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ጭምር።